መርዶ ለሩቅ መንገደኛ

የቦሌ ሚካኤል ሰው ጋሽ መኩሪያን በሁለት ድምፅ ነው የሚያውቀው። አንደኛው የቤቱ ድምፅ ነው፤ ሻካራ፣ ችኩል፣ ሳል የማይለየው፣ ግማሹ ቀልድ ግማሹ ንጭንጭ የሆነ። ሚስቱ ወይዘሮ ፈለቀች «ይሄ ሰውዬ ሲያወራ እኮ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር የሚበትኑ ነው የሚመስለኝ» ትል ነበር። ሁለተኛው የእድሩ ድምፅ ነው። ጎህ ሲቀድ ጥሩምባውን ነፍቶ «የሚካኤል እድርተኞች ሆይ! ስሙ!» ሲል የሚወጣው ድምፅ ረጋ ያለና ሰፊ ነው፤ ሳል አያውቀውም፣ አንዲት ቃል አይሰብርም። ያን ድምፅ የሰማ ከአልጋው ሳይወርድ ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ የትና ስንት ሰዓት እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ ጋቢውን ፈልጎ ይወጣል።

ዘመኑ እንግዲህ የቴሌግራም ነው። የእድሩ ወጣቶች ቡድን ከፍተው፣ የሻማ ሥዕል እየለጠፉ «አርፈዋል» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። መኩሪያ ይሄን ሲያይ ደሙ ይፈላል። «ሞት ከጫማ ማስታወቂያ ጋር ተሰልፎ ይምጣ? ወይ ጉድ! ወይ ዘመን!» ይላል። የእድሩ ዳኛ አቶ ኦላና ግን ብልህ ሰው ናቸው፤ ስልኩንም አልከለከሉ፣ ጥሩምባውንም አላሰቀሉ። ምክንያቱም መኩሪያ ከመንፋት ሌላ አንድ ሥራ ነበረው፤ ለዚያኛው ተተኪ አልተገኘም። መርዶ የሚያረዳው እሱ ነበር።

መርዶ እንዲሁ የሚወረወር ነገር እንዳይመስላችሁ። ዘመዱ ክፍለ ሀገር የሞተበት ሰው ሰፈር ውስጥ ካለ፣ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው እድሩ ዘንድ ነው። ለሰውዬው አይነገረውም። ሥራውን ይውላል፣ ይስቃል፣ ራቱን ይበላል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሲነጋጋ መኩሪያ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ በሩን ያንኳኳል። መጀመሪያ ሰውዬውን ያስቀምጠዋል፤ ቆሞ የሰማ ይወድቃልና። ቀጥሎ ሁለት እጁን ይይዛል። ከዚያ የሟቹን ስም ከነአባቱ ይጠራል፤ «ሙሉ ስም ካልተጠራ ልብ አያምንም» የምትል አባባል አለችው። «ታመዋል» የለ፣ «ደከም ብለዋል» የለ። «አርፈዋል» ነው። ከዚያ ወዲያ እጁን አይለቅም፤ ያ ሰው ጮኾ፣ አልቅሶ፣ እርሙን እስኪያወጣ ድረስ ይዞት ይቆያል። ብዙ ሰው በመኩሪያ እጅ ላይ አልቅሷል።

እንግዲህ ኮከብ የሄደው የዚህ ሰው አንድ ልጅ ነው።

«ኮከብ ሄደ» ያለው ሰፈሩ ነው እንጂ ልጁስ የትም አልሄደም። ተስፋጽዮን ኤሌክትሪክ ተምሮ ወሎ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራ ነበር፤ ዝምተኛ፣ ጨዋ፣ ብቻውን ሲሆን የማይጨንቀው ልጅ። እዚሁ ቦሌ፣ ሩዋንዳ አካባቢ ቢሮ የከፈተ አንድ የምርምር ድርጅት ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰምቶ ተመዘገበ፤ ከስንቱ መሀል ተመረጠ። ድርጅቱ የሚያጠናው፣ ሰዎች ሌላ ፀሐይ ወዳለበት ዓለም ቢጓዙ፣ መንገዱም ከዕድሜ የሚረዝም ቢሆን፣ አእምሯቸው ምን ይሆናል የሚለውን ነው። መርከብ የለም፣ እሳት የሚተፋ ነገር የለም። ከጎሮ ወዲያ መጋዘን በነበረ ግቢ ውስጥ መስኮት የሌለው ቤት ተሠራ። ስድስት ሰዎች ይገቡበታል፤ በሩ ይዘጋል፤ ከጥር እስከ ኅዳር አይከፈትም። ፀሐይ አያዩም፣ ዝናብ አይሰሙም፣ ከራሳቸው በቀር የሰው ፊት አያዩም።

«ጎሮ?» አለ መኩሪያ ሲነገረው። «ኮከቡ ያለው ጎሮ ነው? በሚኒባስ የሚደረስ ኮከብ!»

ሰፈሩም ቀልዱን ተቀበለው። የታክሲ ረዳቶቹ ሳይቀሩ መኩሪያን ሲያዩ «ጎሮ! ጎሮ! ኮከብ የሚሄድ!» እያሉ ይጣሩ ጀመር። እሱም ይስቅ ነበር፤ ያኔ የሚያስቅ ነገር ነበረው።

ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት የድርጅቱ የአእምሮ ሐኪም ሳምራዊት ቤተሰቦችን ሩዋንዳ ቢሮዋ ሰብስባ አስረዳች። ልጅ እግር ናት፤ ስትናገር ሰውን ዓይን ዓይኑን ታያለች። ቤቱ እንደ መርከብ ተቆጥሮ፣ መርከቢቱ ርቃለች በተባለ ቁጥር መልእክት እንደሚዘገይ ነገረቻቸው። መጀመሪያ በዚያው ቀን ይደርሳል፣ ቆይቶ በሳምንት፣ ኋላ ላይ ወር ያልፈዋል።

«ልጄ ጎሮ ቁጭ ብሎ ሰላምታዬ ወር ይፈጅበታል?» አለች ፈለቀች።

«አዎ እማማ። በእውነተኛው ጉዞማ ዓመታት ነው። እዚያ ያለ ሰው ስለ ቤቱ የሚሰማው ሁሉ ያለፈ ነገር ነው። አሁን ደህና ናቸው ወይ ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚመልስለት የለም። ሰው ይሄን እንዴት እንደሚችለው ነው ማወቅ የምንፈልገው።»

«አይችለውማ!» አለች ፈለቀች። «ምን ያስጠናል ይሄ?» ሰው ሳቀ። ሳምራዊትም ሳቀች፤ ግን ጻፈችው።

ፈለቀች ማይክሮፎን ትፈራ ነበር፤ የቢሮው ትንሽ ክፍል ውስጥ ስትገባ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ልጇ የሚያያት ይመስል። ቢሆንም አንድ ሳምንት ሳትቀር ትናገር ነበር። ሰኔ ሲገባ ጉልበቷን አመማት። መልእክቱም እየዘገየ ስለሄደ የበዓል ሰላምታ አስቀድሞ መስጠት ልማድ ሆነ፤ ቢሮው ያስቀምጠውና በቀኑ ያደርሰዋል። እሷ ታዲያ አንድ ቀን ቁጭ ብላ የፍልሰታውንም፣ የእንቁጣጣሹንም፣ የመስቀሉንም ምርቃት ባንዴ ተናግራ ወጣች። «በክረምት ጭቃ ማን ይመላለሳል! ሦስቱንም ጨረስኩለት» አለችው ለመኩሪያ። ለልጇም በፍልሰታው ላይ ነግራዋለች፤ «የሌሎቹንም ቀድሜ ልኬልሃለሁ፣ በየበዓሉ ትሰማኛለህ» ብላ።

ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ አድሮ ባባራበት አንድ ማለዳ፣ መኩሪያ የልብስ ሰፊውን የገብረእዝጊን ሞት ሊለፍፍ ወጣ። ፈለቀች ነቅታ ነበር። «ስትመለስ የምትለብሰው ደረቅ ጋቢ አወጣልሃለሁ፤ ደሞ ወንዙ ድረስ እንዳትወርድ፣ ያዳልጥሃል» አለችው። ወንዙ ድረስ ወረደ። ነፋ፣ ለፈፈ፣ ከሰው ጋር ስለ ገብረእዝጊ ጥቂት አወራ። ሲመለስ ፈለቀች በሩ አጠገብ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች፤ ደረቁን ጋቢ ጭኗ ላይ አጥፋ፣ ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ።

«ፈሌ» አላት። ነካት። ደግሞ «ፈሌ» አላት።

ሞትን አያውቀው መሰላችሁ? አወቀው እንጂ። መሬቱ ላይ እግሯ ሥር ቁጭ አለ። ምን ያህል እንደቆየ እሱም አያውቅም፤ ልብሱ ላይ ያለው ውኃ መሬቱን አረጠበው። ከዚያ ተነሣ። ጋቢውን ከጭኗ ወስዶ አለበሳት። ጥሩምባውን ከጣለበት አነሣና ወጣ።

ሰፈሩ ጥሩምባውን ሁለተኛ ሲሰማ «አሁን ነፍቶ የለም እንዴ? የቀብሩን ሰዓት ተሳስቶ ይሆናል» አለ። ከቤታቸው ቀጥላ ሱቅ ያላት ሀቢባ መስኮቷን ከፈተች። መኩሪያ መንገዱ መሀል ቆሟል። «የሚካኤል እድርተኞች ሆይ! ስሙ!» አለ። «ወይዘሮ ፈለቀች ወልደሰማያት አርፈዋል!» በዚያው ድምፅ። «ባለቤቴ» አላለም፣ አላሳለም፣ አንዲት ቃል አልሰበረም። ሀቢባ በባዶ እግሯ እየጮኸች ወጣች።

ሠልስቱ እስኪወጣ ሰውዬው አልተቀመጠም። ድንኳኑን አስተከለ፣ ወንበር አስቆጠረ፣ ካህናቱን ተቀበለ። ሰው «እግዜር ያጥናህ» ሲለው «ወንበር አገኘህ?» ብሎ ነበር የሚመልሰው። «ጀግና ነው፣ እንዴት ቻለው!» ተባለለት። ምን መቻል ነው እቴ! ማንም ያልነገረው ሰው ምኑን ይችላል? ግን ያኔ ይሄን ያሰበ አልነበረም፤ እሱ ራሱም አላሰበው።

በሠልስቱ ዕለት ሳምራዊት ጥቁር ለብሳ መጣች። ለቅሶ ደርሳ፣ ሰው ሳሳ እስኪል ጠብቃ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ዛሬ ይሄን ማንሣቴን ይቅር ይበሉኝ። ተስፋጽዮን ሲገባ ጠይቀነው ነበር። ሰው ቢሞትብኝ ይነገረኝ ነው ያለው።»

«በምን ይነገረዋል?»

«በመልእክት ነው። ወይ ይጻፍለታል፣ ወይ በእርስዎ ድምፅ...»

«ማን እጁን ይይዘዋል?»

«አምስት ጓደኞች አሉት። እየተዋደዱ ነው።»

«ያውቋታል? አንዳቸው ከእጇ ጎርሰዋል?»

ሳምራዊት አቀረቀረች። «አያውቋትም። ግን ጋሽ መኩሪያ፣ ልጁ ጠይቋል።»

«ሲጠይቅ እናቱ በሕይወት ነበረች» አለ መኩሪያ። «ያልሞተበት ሰው የሚናገረው ይነገራል እንዴ? እኔ መርዶ በወረቀት አልሰድም። ሲወጣ አስቀምጬ፣ እጁን ይዤ፣ በሰው መሀል እነግረዋለሁ። ልጄን እንደ ጎዳና ውሻ ብቻውን አላስለቅሰውም።»

አቶ ኦላናም ደገፉት። «ሩቅ መንገድ ላይ ላለ ሰው አይነገርም፣ የኔ ልጅ። ሲመለስ በሥርዓቱ ይረዳል። የኛ ወግ ይሄ ነው» አሏት። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሀቢባ ብቻ ሳህን ይዛ ስታልፍ ቆም ብላ «ጋሼ፣ ልጁ እኮ ሩቅ አይደለም። ጎሮ ነው» አለች። የድርጅቱ ደንብ ቤተሰብ ካልፈቀደ አይነገርም የሚል ስለሆነ፣ ሳምራዊት ተነሥታ ሄደች።

ሐምሌ ሳያልቅ መኩሪያ ሩዋንዳ ሄዶ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ተስፋጽዮን ልጄ፣ እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን። እናትህም ደህና ናት። ጉልበቷን ትንሽ ስላመማት ጠበል ሄዳለች፤ ስትመለስ ድምጿን ትልክልሃለች። ምንም አታስብ።» ጨርሶ ወጣ። ድምፁ ስላልተንቀጠቀጠ፣ ስላላሳለ፣ ጥሩ የዋሸ መሰለው። ደጅ ወጥቶ የቢሮውን አጥር ይዞ ቆመ፤ ዘበኛው «አባባ፣ ውኃ ላምጣልዎት?» እስኪለው ድረስ።

እንደዚያ ቀጠለ። በየሳምንቱ አንድ ውሸት። ፈለቀች ጠበል ሰነበተች፣ ከጠበል መጥታ ጉንፋን ያዛት፣ ጉንፋኑ ድምጿን ዘጋው። ቤት ሲመለስ የሚያወራው ሰው የለም። ለቅሶም አላለቀሰም። አርባዋ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ዓይኑ ደረቅ ነበር። ሀቢባ ሳህን ይዛ በመጣች ቁጥር «አልቅሱ እንጂ ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሰው ይገድላል» ትለዋለች። እሱም «ልጄ ሲመጣ አብረን» ይላታል። ለልጁ ሳያረዳ የራሱን እርም ማውጣት ስርቆት ሆኖበት ነበር። እናትየዋ የሁለት ሰው ናት፤ አንዱ ብቻውን እንዴት ያለቅሳታል?

ከዚያ ቤት የሚወጣውም መልእክት እንደዚሁ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ነሐሴ ውስጥ የልጁ ድምፅ «እማዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ያን ቅባት ተቀቢው እሺ» እያለ መጣ። ፈለቀች አፈር ከለበሰች ሰንብታለች። መኩሪያ ጆሮ ማዳመጫውን አወለቀና እጁ ላይ አድርጎ አየው፤ መልሶ አደረገው። ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰማ።

ጥቅምት ላይ አንድ መልእክት መጣ። ተስፋጽዮን በመስከረም መጀመሪያ የተናገረው ነው። «አባዬ፣ እንዴት ነህ? ሀቢባ ደህና ናት? ሱቋን አሳደሰች? ዝናቡ እንዴት ነበር? ጣሪያው አላፈሰሰም? አይዞህ እሺ።» አለቀ። መኩሪያ እንዲደገምለት ለመነ። ደገሙለት። በሚቀጥለው ሳምንት የመጣውም እንደዚያው ነበር፤ ስለ ጣሪያ፣ ስለ መንገድ ሥራ፣ ስለ አቶ ኦላና። ስለ እናቱ አንዲት ቃል የለችም።

ይሄን ነገር ከመኩሪያ በላይ የሚያውቅ የለም። ዕድሜውን ሙሉ አይቶታል። መርዶ ያልጠረጠረ ሰው ይጠይቃል፤ የጠረጠረ ግን አይጠይቅም። መንገድ ላይ ሽማግሌዎቹን ሲያይ ፊቱን ያዞራል፣ ስልክ የሚያወራ ይመስላል፣ ስለ ዝናብ ያወራል። መኩሪያ ከወንበሩ ተነሣ። «አውቋል» አለ ለብቻው። «ልጄ አውቋል። ብቻውን አውቆታል!»

የሳምራዊትን በር ሳያንኳኳ ገባ። እሷም ያላትን አልደበቀችም፤ ጉዞው ሳያልቅ ለቤተሰብ አይነገር ተብሎ ነበር እንጂ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ልጁ ሌላ ሰው ሆኗል። በካሜራ እንደምታየው፣ ሥራውን ይሠራል፣ ይጨርሳል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ጓደኞቹ ጋር አይበላም። ምን ሆንክ ሲሉት «ደክሞኝ ነው» ይላል። ማን እንደነገረው ለማወቅ ስትመረምር ከረመች፤ የነገረው የለም።

«በሩን ክፈቺልኝ» አለ መኩሪያ። «ነገ ማለዳ ከነሽማግሌዎቹ ልግባ። አንድ ሰዓት። እጁን ይዤ ልንገረው። እባክሽ ልጄ፣ በእናትሽ።»

«እርስዎ ከገቡ የስድስቱም ጉዞ እዚያው ላይ ያበቃል። የአለቆቼን እግር ስሜ እጠይቃለሁ። ግን ጋሽ መኩሪያ፣ በሩ ከውስጥ ይከፈታል። መውጣት ከፈለገ በማንኛውም ሰዓት ይችላል። አልፈለገም።»

«ለምን?»

«አላውቅም። ብጠይቀውም መልሱ ወር ይፈጃል።»

አለቆቿ እምቢ አሉ። እሷ ለምና ነበር፤ መኩሪያ ዓይኗን አይቶ አመናት። አሁን እነግረዋለሁ ብሎ መልእክት ቢልክ ደግሞ የሚደርሰው ልጁ ከወጣ በኋላ ነው። በሐምሌ መርዶው በመልእክት ይሂድ ሲሉት እምቢ ያለው መንገድ፣ አሁን ይሂድ ሲል የማያደርስ ሆነበት።

አንድ ማለዳ ጥሩምባውን ጋቢው ሥር ደብቆ የጎሮ ሚኒባስ ተሳፈረ። ረዳቱ አላሾፈም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። መኩሪያ ከመጋዘኑ አጥር ውጭ ቆመ። ግራጫ ግንብ ነው፤ አንድ መብራት ይበራበታል። ጥሩምባውን አውጥቶ አፉ ጋ አስጠጋ።

«አባባ፣ ይቅርብዎ» አለው ዘበኛው። «እዚያ ውስጥ ነጎድጓድም አይሰማም። ባለፈው መብረቅ ምሰሶ ጥሎ እንኳ አልሰሙም።»

ወደ ቦሌ የሚወርድ አውሮፕላን በላያቸው ጮኾ አለፈ። መኩሪያ እስኪያልፍ ጠበቀ። ካለፈም በኋላ አልነፋም፤ ትንፋሹ አልበቃው አለ። ግድግዳው ላይ ልጁ በየት በኩል እንደሚተኛ ለመገመት ሞከረ፤ ፊቱን ያዞረው በዚህ በኩል ይሁን በዚያ። ጥሩምባውን መልሶ በጋቢው ሸፍኖ በእግሩ ተመለሰ። ያን ቀን ከቤት አልወጣም።

ኅዳር መጣ። በሩ የሚከፈትበት ዕለት ጋዜጠኛው፣ ካሜራው፣ እንግዳው ሁሉ ለረፋድ ተቀጠረ። ሳምራዊት ግን አንድ ነገር አድርጋለች፤ ተስፋጽዮን ከሁሉ ቀድሞ ሲነጋጋ እንዲወጣ፣ ትንሽ ክፍል ውስጥ አባቱ እንዲቀበለው። አቶ ኦላና ከነሽማግሌዎቹ፣ ሀቢባም ነጠላዋን ለብሳ፣ ከክፍሉ ደጅ ቆሙ። ሰፈር ድንኳን ተተክሏል። መኩሪያ ሌሊቱን አልተኛም፤ የሚለውን ሲያጠና አደረ፤ ስንት ሺህ ጊዜ ያለውን ነገር።

በሩ ተከፈተ። ተስፋጽዮን ገረጣ ብሏል፣ ጺሙ ደረቱ ጋ ደርሷል። መስኮቱን ሲያይ ዓይኑን ጨፈነ። ከሩቅ የመኪና ጥሩምባ ሲሰማ ትከሻው ዘለለ። እንደ ድሮው ሮጦ አልተጠመጠመበትም፤ የሰው አካል መንካት የረሳ ይመስል ሁለት እርምጃ ቀርቶት ቆመ።

«ቁጭ በል ልጄ» አለ መኩሪያ።

«አባዬ፣ እኔ ተቀምጬ ነው የከረምኩት።»

የመኩሪያ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። «ማን ነገረህ?»

«አንተ ነሃ» አለ ልጁ። ድምፁ ቀስ ያለ ነው፤ ቃል እየፈለገ ነው የሚናገረው። «ጠበል ሄዳለች ያልክበት መልእክት ላይ አንዴም አላሳልክም። አልተነጫነጭክም። በእድሩ ድምፅህ ነው ደህና ነን ያልከኝ። እኔ በዚያ ድምፅ ደህና ሲባል ሰምቼ አላውቅም።»

መኩሪያ ጥሩ የዋሸ መስሎት ነበር።

«ታዲያ ምነው ወደኛ አልወጣህ? በሩ በእጅህ ነበር አሉኝ! ለምንስ አልጠየቅከኝም?»

«ብጠይቅህ ትዋሸኛለህ፤ ውሸትህ እስኪመጣ ደግሞ ወር ልጠብቅ ነው። ብወጣ እሷ የለችም።» ተስፋጽዮን ግድግዳውን አየ። «እዚያ ውስጥ ግን ገና እየመጣች ነበር፣ አባዬ። የእንቁጣጣሹን ቀድሜ ልኬልሃለሁ ብላኝ የለ? መጣ። መረቀችኝ፣ ሳቀች። የመስቀሉን ጠበቅኩ፤ እሱም መጣ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ አልነበረም። ያን ቀን ነው የሞተችው ለኔ። አልጋዬ ላይ ሆኜ አፌን በብርድ ልብስ አፍኜ... እንግዲህ አለቀ። ማንንም አላስቸገርኩም።»

«ልጄን!» አለ መኩሪያ። «ይሄን ፈርቼ እኮ ነው! ብቻህን እንዳትሆን ብዬ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ።»

ተስፋጽዮን አባቱን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፤ አንገቱ ቀጥኗል።

«ለአንተስ ማን ነገረህ?» አለው።

«ለኔ? ምን ለኔ! እኔው ነኝ ያገኘኋት፣ እኔው ነኝ የነፋሁት።»

«ማን አስቀመጠህ? ማን እጅህን ያዘህ?»

መኩሪያ ዙሪያውን አየ፤ መልሱ ክፍሉ ውስጥ ያለ ይመስል። «ወንበር ማስቆጠር ነበረብኝ» አለ።

«አለቀስክ?»

ልጁ ያንን የቀረውን ሁለት እርምጃ ተራመደ። አባቱን ትከሻውን ይዞ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ፊቱ ተንበረከከና ሁለት እጁን ያዘ፤ የሁለቱም እጅ በረዶ ነበር።

«ተው እንጂ» አለ መኩሪያ ሊስቅ እየሞከረ። «ለቀባሪው ያረዳሉ እንዴ?»

ተስፋጽዮን ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ ሲወጣ ረጋ ያለና ሰፊ ነበር፤ ከማን እንደወሰደው አያጠራጥርም።

«ወይዘሮ ፈለቀች ወልደሰማያት አርፈዋል» አለው።

መኩሪያ «አውቃለሁ» ሊል ነበር። መጀመሪያ የወጣው ሳል ነው። ከሳሉ ኋላ የመጣውን ለቅሶ ደጅ ያሉት ሰሙ። አቶ ኦላና ባርኔጣቸውን አወለቁና «አረዳው፣ ልጁ ሰማ» አሉ፤ ሀቢባ ደረቷን እየመታች በሩን ከፈተችው፤ ሽማግሌዎቹ እያለቀሱ ተከትለው ገቡ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ግን መኩሪያ ነበር። ልጁ ፊቱ ተንበርክኮ ሁለት እጁን ይዞታል፤ ሰው ሲገባም አለቀቀውም።